የባሕሩ ወርድ

አቶ አካለ ወልድ ቅዳሜ ጠዋት የልጃቸውን ቁምሳጥን ብቻቸውን እየገፉ ወደ በረንዳ ሲያወጡ አከራያቸው ወይዘሮ ፈንታነሽ አዩና ጮኹ። ጸደንያ ከጓሮ ያጠበችውን ድስት እንደያዘች ስትደርስ የቁምሳጥኑ ግማሽ ከደጃፉ ወጥቷል፤ ግማሹ ውስጥ ቀርቷል፤ ቀሚሶቿ በተከፈተው በሩ በኩል ይወዛወዛሉ፤ አባቷ ደግሞ ከወዲያ በኩል መውጫ አጥተው ቆመዋል።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ግድግዳ እያስለቀቅኩ» አሉ ከውስጥ። «አንድ ሜትር ከሃያ ያስፈልገኛል። ልብስ ደጅ ቢያድር አይሞትም።»

«ልብስ ደጅ አውጥቶ ዓሣ ቤት የሚያስገባ ሰው ገና ዘንድሮ አየሁ» አሉ ወይዘሮ ፈንታነሽ። «ዝናቡስ?»

«ላስቲክ እናለብሰዋለን።»

«እኔንም ያልብሱኝ እንግዲህ፤ ወለሌ የተሰነጠቀ ቀን ደጅ የማድረው እኔ ነኝ።»

ቁምሳጥኑን ሦስት ሆነው ወደ ቦታው መለሱት። ክፍሉ አራት ሜትር በሦስት ሜትር ተኩል ነው። ጸደንያ የሆስፒታል ላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ መለካት ልማዷ ስለሆነ ሲከራዩት ራሷ ለክታዋለች። በስተግራ የእሷ አልጋ፣ በስተቀኝ የእሳቸው፣ በመካከል መጋረጃ፤ ከበሩ ትይዩ ቁምሳጥኑ፣ ከቁምሳጥኑ ጎን ስልሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ግድግዳ፣ ከዚያ የዕቃ መደርደሪያው። አባቷ ቀኑን የሚውሉበት የእንጨት ወንበር ከባዶው ግድግዳ ፊት ለፊት አንድ ሜትር ያህል ርቆ ተቀምጧል። ከጠረጴዛው ሥር ከአዲስ አበባ በአውቶብስ የመጣ ነጭ ባልዲ አለ፤ ውስጡ አሥር ኪሎ የባሕር ጨው ነው፤ ለወጥ ሳይሆን፣ የባሕር ፍጥረት የሚፈልገው ማዕድን ሁሉ ተመጥኖ የተቀላቀለበት። ወይዘሮ ፈንታነሽ አንድ ቀን በጣታቸው ቀምሰውት «ይሄማ ያው ጨው ነው» ብለው ተመልሰዋል።

አቶ አካለ ወልድ በወጣትነታቸው የባሕር ኃይል ጠላቂ ነበሩ። ምጽዋ ላይ ከውሃ ሥር የመርከብ ሆድ ሲጠግኑ ዘጠኝ ዓመት ኖረው፣ በኋላ ሞጣ ተመልሰው የውሃ ፓምፕ ሲጠግኑ ጡረታ ወጡ። ስለ መርከቡም ስለ ጦርነቱም አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ኮራሉ ነው፤ ድንጋይ መስሎ ስለሚኖረው፣ ግን ሕይወት ስላለው፣ እንደ አበባ ስለሚከፈተውና ስለሚከደነው ፍጥረት። ይህንን ቤት ውስጥ በመስታወት ገንዳ ማሳደግ እንደሚቻል በስልኳ ያሳየቻቸው ጸደንያ ራሷ ናት። አዲስ አበባ ያለ አንድ አርቢ፣ ገንዳው ተሠርቶ ውሃው ሲረጋ፣ ሦስት ትናንሽ የኮራል ቅንጣትና አንድ ዓሣ ሊልክላቸው ቃል ገብቷል። የቀረው የገንዳው መጠንና የመብራቱ ዓይነት ነበር። በእነዚህ በሁለቱ ሦስት ሳምንት ተከራክረዋል።

አባቷ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ፣ ወደ ውስጥ አርባ አምስት፣ ቁመቱ ሃምሳ ይሁን ይላሉ። ጸደንያ በወረቀት አስልታ አሳየቻቸው፤ ሁለት መቶ ሰባ ሊትር ነው፣ ውሃው ብቻ ሁለት መቶ ሰባ ኪሎ ይመዝናል፤ ለአንድ ሊትር ሠላሳ አምስት ግራም ጨው ሲገባ ባልዲው በአንድ ሙሌት ያልቅና ለውሃ መቀየሪያ አይተርፍም። አሁን በሚኖሩበት ቢቸና ውሃ በፈረቃ እንደሚመጣም አስታወሰቻቸው። ስለዚህ ወርዱ አርባ አምስት፣ ወደ ውስጥ ሠላሳ አምስት፣ ቁመቱ አርባ፤ ስልሳ ሦስት ሊትር ይበቃል አለች። እሳቸው ደግሞ «ትንሽ ውሃ ስሕተት አይሸከምም» ይላሉ። «ጨውሽን ዛሬ ብትስቺ ነገ ሁሉም ያልቃል። ትልቅ ውሃ ግን ይታገስሻል።» ይህም እውነት ነው። ጸደንያ እውነት መሆኑን ታውቃለች፤ ክርክሩን መዝጋት ያቃታትም የራሷን ዋና ምክንያት ሳታወጣ ስለምትከራከር ነው።

ዋናው ምክንያት የአባቷ ዓይን ነበር። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር የሚገኝ አንድ ሐኪም የዓይናቸው ግፊት ነርቩን እንደጎዳው ነግሯቸው አንድ ወረቀት ሰጣቸው፤ ወረቀቱ ላይ ዳር ዳሩ የጠቆረ፣ መካከሉ ብቻ ነጣ ያለ ክብ ነበር። አቶ አካለ ወልድ አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። በመንገድ ላይ «ቀጥታውን አያለሁ፤ ዳሩ ምን ያደርግልኛል» አሉ፤ ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ማየት ያቃተኝ ቀን ግን ቤትሽ ውስጥ እየተመራሁ አልቀመጥም። ሞጣ ቤቴ እገባለሁ። ይቺን ልብ በይ» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዓይን ተነሥቶ አያውቅም። ጠብታውን በየቀኑ ሁለት ጊዜ ታደርግላቸዋለች፤ እያደረገችላቸው ስለ ሽንኩርት ዋጋ፣ ስለ ወይዘሮ ፈንታነሽ ዶሮዎች ያወራሉ። ሞጣ ያለውን ቤታቸውን አንድ መምህር ተከራይቶታል። መምህሩ በለቀቀ ቁጥር ሌላ ሰው እስኪገባበት ድረስ ጸደንያ እንቅልፍ አይወስዳትም።

ከሦስት ወር በፊት ካላንደር ልትሰቅል ስትነሣ አባቷ ወንበራቸው ላይ ሆነው ባዶው ግድግዳ ሥር ያለውን ሬዲዮ እየሰሙ ነበር። «አባባ፣ ዓይንዎን ከሬዲዮው ላይ ሳያነሡ ይንገሩኝ፤ እዚህ ይታያል?» አለችና ካላንደሩን ከመካከል ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ወሰደችው። «ይታያል... ይታያል... እዚያ ደህና ነው» ይሉ ነበር። ደህና ነው ካሉበት አልፋ ትንሽ ስትጨምር ዝም አሉ። ሁለቱን ቦታ በእርሳስ ነጥብ ይዛ፣ ሲወጡ ጠብቃ በሜትር ለካችው፤ አርባ ስድስት ሳንቲ ሜትር። ገንዳው ከዚያ ቢበልጥ የሚበልጠው ለእሳቸው አይደለም። ዓሣው ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደገባ ሳያውቁ አንገታቸውን ሲያዞሩ ይውላሉ፤ ያጡትን በየቀኑ የሚለካላቸው ዕቃ ፊታቸው ተቀመጠ ማለት ነው። ይህን መናገር ደግሞ «ይቺን ልብ በይ» ያሉትን ነገር መጥራት ነው።

ቁምሳጥኑ ከገባ በኋላ መብራቱን ሞከሩ። አርቢው የላከው መብራት ሁለት ማብሪያ አለው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ሰማያዊ። ኮራል በሰማያዊው የተሻለ ያድጋል፤ ቀለሙም የሚወጣው በእሱ ነው። ጸደንያ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋርዳ፣ ውሃ የሞላ የብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ሦስት ጠጠር አስቀምጣ ነጩን አበራች። «ስንት ነው አባባ?» «ሦስት» አሉ ወዲያው። ሰማያዊውን ከማብራቷ በፊት አንዱን ጠጠር አወጣችው። ላቦራቶሪ ውስጥ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ናሙና ከሌላው ጋር ቀላቅሎ መስጠት የተለመደ ነው፤ መሣሪያው መዋሸቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

«አሁንስ?»

አቶ አካለ ወልድ ወደ ማሰሮው ጎንበስ አሉ። «ያው ሦስት ናቸው። ይሄኛው ያምራል፤ ሰማያዊው ይሁን።»

ጸደንያ መብራቱን አጠፋች። እጇ ውስጥ ያለው ጠጠር እርጥብ ነበር። በአባቷ ላይ የመሣሪያ ፈተና እንደፈተነች ሲገባት ፊቷ ጋለ፤ ክፍሉ ጨለማ ስለነበር ደስ አላት። «ደህና» አለች ብቻ።

ቢቸና ያሉት መስታወት ቤቶች የሚሸጡት የመስኮት መስታወት ነው፤ ውሃ አይችልም። ወፍራሙ ባለ ስምንት ሚሊ የተገኘው ሞጣ፣ የአቶ አካለ ወልድ የድሮ ወዳጅ ባየ ዘንድ ነው። ወደ መናኸሪያው ሲሄዱ ጸደንያ እንደ ልማዷ ከአባቷ በስተግራ፣ ግማሽ እርምጃ ቀድማ ሄደች። እጃቸውን አትይዝም፤ ይቆጣሉ። ባጃጅ ከጎን ሲመጣ ፊታቸው ቆማ ጫማዋን ታስራለች። ጫማው የዚህን ያህል የሚፈታበት ሰው ቢቸና ውስጥ የለም። ሚኒባሱ ደብረ ወርቅን፣ ከዚያም ግንደወይንን አልፎ ሞጣ እስኪገባ ድረስ ሁለቱ መስታወቱን ስለሚያጣብቀው ሲሊኮን ብቻ ተነጋገሩ፤ ስንት ቀን ይደርቅ፣ ሽታው ለዓሣ ይጎዳ እንደሆነ።

የባየ ሱቅ በፎቶግራፍ ክፈፍ፣ በፊት መስታወትና ለቤተ ክርስቲያን ሥዕል በሚሠሩ የመስታወት ሣጥኖች ተጨናንቋል። ባየ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆነው፣ ጣቶቹ በሙሉ የተጫሩ፣ ከት ብሎ የሚስቅ ሰው ነው።

«ባሕር ኃይል!» ብሎ ተነሥቶ አቶ አካለ ወልድን ትከሻቸውን ሳመ። «ደግሞ ምን ልንሠራ ነው? መርከብ?»

«መርከቡ ቆይቷል፤ መጀመሪያ ባሕሩን ሥራልኝ።»

«ሞጣ ውስጥ የቀረኝ ትእዛዝ እሱ ነበር። ሣጥን ሠርቻለሁ፣ ቁምሳጥን ሠርቻለሁ፤ ባሕር ግን የጠየቀኝ የለም።» ወደ ጸደንያ ዞሮ፣ «ዶክተርዬ፣ አባትሽ ጡረታ ሲወጡ ጭራሽ ሥራ አበዙሳ!» አላት።

መስታወቱን ሰፊው ጠረጴዛ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ አጋደመው፤ ለአንድ ሱቅ ፊት ለፊት ተቆርጦ የተረፈ፣ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ነው። ባየ አንድ ደንብ አለው። የመጀመሪያውን መስመር እሱ አያሰምርም። ደንበኛው ራሱ ማርከር ይዞ፣ እንዲቆረጥለት የሚፈልገውን በገዛ እጁ ያሰምራል፤ ባየ የሚቆርጠው ያንን ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ደንበኛ ጋር፣ ደንበኛው «ሰማንያ ነው ያልኩህ»፣ እሱ «ሰባ ነው የሰማሁት» ተባብለው ሽማግሌ ድረስ ከሄዱ ወዲህ ያወጣው ደንብ ነው፤ ለማንም አያጥፈውም። ማርከሩን ለአቶ አካለ ወልድ ሰጣቸው።

«እንግዲህ በእጅዎ ጋሼ። ያሰመሩበትን እቆርጣለሁ፤ ከዚያ በኋላ ክስ የለም።»

አቶ አካለ ወልድ ማርከሩን ይዘው ቆሙ። ጸደንያ ሜትሩን ዘርግታ አንድ ሜትር ከሃያ ላይ ጣቷን አሳረፈች። ስልሳ ሦስት ሊትር አላለችም፤ ስለ ወለሉም አላነሣችም። ሚኒባስ ውስጥ እያለች ወስናለች፤ አንድ ሜትር ከሃያ ይሁን፣ ቁምሳጥኑ ይውጣ፣ ጨው እንደገና ይገዛል። አባቷ ቢቸና ይቀመጡ እንጂ አንገታቸውን ሲያዞሩ ቢውሉም ችግር የለም።

«ተይው» አሉ አባቷ። ሜትሩን በእጃቸው ገለል አደረጉት። «ባየ፣ መስታወቱን አቁምልኝ። ግድግዳው ላይ አስደግፈው። ወንበርም ስጠኝ።»

«ቁጭ ብለው ሊያሰምሩ? ደህና ነው፤ ለጡረተኛ እንፈቅዳለን።»

መስታወቱ ቆመ። አቶ አካለ ወልድ ወንበሩን ጎተት አድርገው ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። «የቤቴ ወንበር ከግድግዳው ስንት ይርቃል ጸዲ?»

«አንድ ሜትር ከአራት» አለች።

«ለኪው።»

ለካችው፤ ወንበሩን በአራት ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሳቡት። ከዚያም እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የመስታወቱን መካከል አዩ። «እዚያ መሃሉ ላይ ነጥብ አድርጊልኝ፤ ከእሱ አልነቃነቅም። አሁን በግራ በኩል ጣትሽን ከጫፍ አምጪው። ቀስ እያልሽ። ሲመጣ እነግርሻለሁ።»

ጸደንያ ጣቷን የመስታወቱ ጫፍ ላይ አስቀምጣ ወደ ውስጥ ማምጣት ጀመረች። ባየ መጀመሪያ ሳቀ። ጣቷ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር ሲሄድ መሳቁን ተወ። አርባ ሄደ። አባቷ ነጥቡን ብቻ ያያሉ። ሃምሳ ላይ ስትደርስ ጣቷ ላብ ስላወጣ መስታወቱ ላይ ጭረት የመሰለ መንገድ ትቶ ይሄድ ነበር።

«መጣ» አሉ አቶ አካለ ወልድ።

ተነሥተው ሄደው ከጣቷ ጥግ በማርከሩ ከላይ እስከ ታች አሰመሩ። መስመሩ ቀጥ ያለ ነበር። ተመልሰው ተቀመጡ፤ በቀኝ በኩልም እንዲሁ አደረጉ። ባየ ማንም ሳይጠይቀው በሁለቱ መስመሮች መካከል ሜትር ዘረጋና ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ።

«ሠላሳ ስምንት። ጋሼ፣ ይሄማ ሬዲዮ ያህላል።»

«የሚታየኝ እሱ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ለማን ልሠራው?» ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ካላንደሩን የሰቀልሽ ጊዜ ስንት ነበር?»

ጸደንያ ሜትሩን ለመጠቅለል ሞክራ አልጠቀለልላት አለ። አንድ ሰው የምርመራ ውጤት ሲጠይቃት ፊቷን ሳትለውጥ መናገር ሥራዋ ነው። «አርባ ስድስት» አለች።

«በስንት ጊዜ?»

«በሦስት ወር።»

አቶ አካለ ወልድ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፓምፕ ሲጠግኑ ያረጀ ጎማ ሲያገኙ እንደሚነቀንቁት። «ጠዋትም ሁለት ነበሩ፤ አይደል? ጠጠሮቹ።»

«ሁለት ነበሩ። ይቅር ይበሉኝ አባባ።»

«ምን ይቅር እልሻለሁ። ሰማያዊው ሲበራ ለኔ ጠፍቷል ማለት ነው። በግምት ነው የመለስኩልሽ፤ ገማች ደግሞ እንዲህ ይያዛል።»

ባየ ጉሮሮውን ጠረገ። የሰው ዝምታ የማይችል ሰው ስለሆነ አንድ ነገር ማለት ነበረበት። «ጋሼ፣ መምህሩ እኮ ሊለቅ ነው፤ ለወሩ መጨረሻ ነው አሉ። ቤትዎ ባዶ ከሚሆን... ሰው አለልዎ፣ እኔም አለሁ፤ መንገዱንም ዓይን ጨፍነው ያውቁታል።»

ጸደንያ ፎቶግራፍ የሌለበት አንድ ክፈፍ አንሥታ ጀርባውን ማየት ጀመረች። ስለ መምህሩ አልሰማችም ነበር። አባቷ ሰምተው እንደሆነ ከፊታቸው ለማወቅ አልደፈረችም። ከሱቁ ውጭ አንድ ባጃጅ ደጋግሞ ክላክስ ያሰማል። አቶ አካለ ወልድ ማርከሩን ከደኑት፤ ክዳኑን በአውራ ጣታቸው እስኪጮህ ተጫኑት።

«ለአንድ ሊትር ጨው ስንት ግራም ነው ያልሽኝ?»

«ሠላሳ አምስት።»

«ያንን በየሳምንቱ የሚመዝን ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያስ ቤቱ ይከራይ» አሉ ለባየ። «ሰው ፈልግልኝ። ሚዛን የማታውቅ ከተማ ባሕር ይዤ አልገባም።»

«አሁን ሞጣን ሰደቧት!» አለ ባየ፤ ሳቁ ተመለሰለት፤ መቁረጫውን አንሥቶ መስመሩ ላይ አሳለፈው። መስታወቱ አጭር ድምፅ አሰምቶ ሲከፈል ጸደንያ ክፈፉን ወደ ቦታው መለሰችው፤ ተገልብጦ እንደነበር ያየችው በኋላ ነው።

ቁመቱንና የጎኖቹን ልክ በሜትር ወሰኑ። ቁመቱን አባቷ የእሷን አርባ ተቀበሉ፤ ከዚያ በታች ግን አላስነኩም። አምስቱ ገበታ መስታወት እስኪቆረጥና ጠርዙ እስኪሞረድ ድረስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ መብራቱ ተነጋገሩ። ጸደንያ እውነቱን ነገረቻቸው፤ ነጭ ብቻ ቢሆን ለእሳቸው ይታያል፣ ኮራሎቹ ግን በደንብ አያድጉም፤ ሰማያዊ ብቻ ቢሆን ያድጋሉ፣ እሳቸው ግን ጥቁር ውሃ ፊት ተቀምጠው ይውላሉ። በሦስት ሳምንት ክርክር ውስጥ ሁለቱ የሚያውቁትን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አድርገው ሲነጋገሩ ይህ የመጀመሪያቸው ነበር፤ ስምምነቱም አሥር ደቂቃ አልፈጀም።

«በፈረቃ ይሁና» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «እኔ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነኝ፤ ከዚያ ከሽማግሎቹ ጋር ፀሐይ እሞቃለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሰማያዊው የእነሱ ነው። ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሁለት ነጩ የኔ። ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በፈረቃ እየኖርን እነሱን ምን ልዩ ያደርጋቸዋል?»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«ያኔማ እኩል ነን።»

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ አቶ አካለ ወልድ መስኮቱ ጥግ ተቀመጡ። በብርድ ልብስ የተጠቀለለውን መስታወት ጉልበታቸው መካከል አቁመው፣ በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙት። ከጸደንያ ጎን ግንደወይን የሚወርዱ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፤ እግራቸው ሥር ሁለት የታሰሩ ዶሮዎች አሉ። ሴትየዋ ብርድ ልብሱን ደጋግመው አዩና አላስቻላቸውም።

«ታማሚ ነው ወይስ ዕቃ?»

«ባሕር ነው» አሉ አቶ አካለ ወልድ።

«አይቀልዱብኝ እንጂ።»

«እውነቴን ነው። ውሃው አልገባበትም እንጂ ባሕር ነው። ቢቸና ልናስቀምጠው ነው።»

ሴትየዋ ጸደንያን አዩ፤ ጸደንያ አዎ በሚል ራሷን ነቀነቀች። «ወርዱ ምን ያህል ይሆናል ታዲያ?»

«አርባ ሳንቲ።»

«አይ! ባሕር ሲባል የሰማሁት ወዲያ ማዶው አይታይም ነበር።»

«እኔም የኖርኩበት እንደዚያው ነበር» አሉ አቶ አካለ ወልድ። «ዘጠኝ ዓመት ጠልቄ ዳሩን አላየሁትም። ይሄኛውን ግን ከዳር እስከ ዳር አየዋለሁ። ይምጡና ይዩት፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን እንጂ፤ ከዚያ በፊት የኔ ተራ አይደለም።»

ጸደንያ አፏን ከፈተች። የአንድ ነጥብ ልዩነት ያለበትን ውጤት ለሐኪም ከመላክ ምርመራውን ከመጀመሪያው የምትደግም ሰው ናት፤ ሠላሳ ስምንት ነው። ሴትየዋ «አርባ ሳንቲ!» እያሉ በመዳፋቸው አየሩ ላይ ሲለኩ፣ አባቷም ትንሽ ሰፋ አድርገው እንዲይዙት በአገጫቸው ሲያሳዩአቸው አየች። አላረመችም።